ጂሚ ፔጅ ሠራ ወይስ ሰረቀ?

አወያይ፦ የሮክ ባንዱ የሌድ ዜፕሊን ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። ስሙ ሲነሳ ሪፎቹም (እየተደጋገሙ የሚመጡት አጫጭር የጊታር ዜማዎች) የዘፈን ስርቆት ክሶቹም አብረው ይነሳሉ። አንጋፋ የምንለው ከሰው የወሰደውን ረስተን ነው? በሉ ጀምሩ፤ ስድብ የለም።

ባለስድስት ክር፦ እኔ ልጀምር። ሰውዬው ዜፕሊንን ከማቋቋሙ በፊት ለንደን ውስጥ በየስቱዲዮው እየዞረ ለዓመታት ሌሎችን ያጀበ ሙያተኛ ነው። በ1968 የመጀመሪያውን አልበም በራሱና በማናጀሩ በፒተር ግራንት ገንዘብ አስቀረጹ። የስቱዲዮ ጊዜው 36 ሰዓት ገደማ ነው። ያለቀ ቴፕ ይዘው አትላንቲክ ወደሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ሄዱ፤ ስለዚህ "እንዲህ ተጫወት" የሚለው አለቃ አልነበረውም። ድምፅ አቀራረጹስ? "ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ" ላይ ከበሮውን ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የገጠር ቤት ደረጃ ሥር አስቀምጠው ማይኩን ከላይ ሰቀሉት። ያንን ከበሮ ሂፕሆፖች እየቆረጡ ሲጠቀሙበት ኖሩ።

ሰማያዊት፦ ምሳሌህ ለኔ መሰከረ። ያ ዘፈን የብሉዝ ዘፋኞቹ የሜምፊስ ሚኒና የካንሳስ ጆ ማኮይ ነው፤ የ1929።

ባለስድስት ክር፦ የሚኒ ስም አልበሙ ላይ ተጽፏል እህቴ።

ሰማያዊት፦ የሷስ ተጻፈ። የብሉዝ ደራሲው የዊሊ ዲክሰንስ? "ሆል ሎታ ላቭ" በ1969 ሲወጣ የግጥሙ ብዙ ክፍል ዘፋኙ መዲ ዋተርስ በ1962 ከቀረጸው የዲክሰን ድርሰት የመጣ ነበር። ስሙ ግን የለም። በ1985 ከሰሰ፣ በ1987 በስምምነት አለቀ። 18 ዓመት!

ጋሽ ባንድ፦ ልጆች፣ እኔ በወጣትነቴ ሆቴል ውስጥ ጊታር እመታ ነበር። የብሉዝ ሰዎች ስንኝ ሲዋዋሱ ነው የኖሩት። እኛስ ትዝታን ስንቱ ዘፈነው? ማን ማንን ከሰሰ?

ሰማያዊት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ አይገናኝም። ትዝታ ቅኝት ነው። ደራሲው እገሌ ነው የሚባል የለም፤ ሁሉም የራሱን ግጥም ያስገባበታል። ዲክሰን ግን በሕይወት የነበረ፣ በድርሰቱ የሚተዳደር ሰው ነው። ደግሞ ድሃ ከድሃ ሲዋዋስ አንድ ነገር ነው። ስታዲየም እየሞላ የሚሸጥ ባንድ ሲዋስ ግን ሂሳቡ ይለያል።

ጋሽ ባንድ፦ ይቺን አሸነፍሽኝ። የ"ስቴርዌይ ቱ ሄቨን"ን ክስ ግን አልቀበልም። መግቢያው ስፒሪት ከሚባለው ባንድ "ቶረስ" ተወስዷል ተብሎ በ2014 ተከሰሱ። በ2016 ጁሪው ለዜፕሊን ፈረደ፤ ነገሩ በይግባኝ ሲንከባለል ከርሞ በ2020 በእነሱ አሸናፊነት ተዘጋ። ልክ ነው። ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ የሚወርድ ባስ የማንም ንብረት አይደለም። ጀማሪ ተማሪም እየነካካ ይደርስበታል።

ዝም ብሎ አንባቢ፦ አሁን ሁለቱንም አከታትዬ ሰማኋቸው። መጀመሪያ ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ ጎረቤትም አይደሉ።

ሰማያዊት፦ እሺ፣ እሱን ተውኩት። "ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ"ንስ? ጄክ ሆምስ በ1967 አሳትሞታል። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ያርድበርድስ ከሚባለው ባንድ በፊት መድረክ ላይ ወጥቶ ተጫውቷል፤ ፔጅ ያኔ የያርድበርድስ ጊታሪስት ነበር። በ1969ኙ አልበም ላይ ግን ደራሲው ፔጅ ብቻ ነው። ሆምስ በ2010 ከሰሰ። በ2012 በወጣው የኮንሰርት አልበም ላይ መነሻው የጄክ ሆምስ መሆኑ ተጻፈ። ልጅ ተወልዶ፣ ድሮ፣ ልጅ ወልዶ...

ባለስድስት ክር፦ እዚህ ላይ አልከራከርም። ያሳፍራል። በደጋን የሚገዘግዘው ክፍልስ? ጊታርን እንደ ማሲንቆ! ያንን ሆምስ አላሰበውም።

ጋሽ ባንድ፦ ደጋኑንም ቢሆን ክሪኤሽን የሚባል ባንድ ውስጥ የነበረው ኤዲ ፊሊፕስ ቀድሞታል።

ባለስድስት ክር፦ ኧረ ጋሼ! ከማን ወገን ነዎት?

ጋሽ ባንድ፦ ከጊታሩ።

ባለስድስት ክር፦ በሉ የመጨረሻዬን ልበል። "ሆል ሎታ ላቭ" ላይ የዲክሰንን ቃላት የዘፈነው የዜፕሊኑ ዘፋኝ ፕላንት ነው። ሪፉ ግን ከዲክሰንም ከመዲም አልመጣም። ያ የፔጅ ነው።

ሰማያዊት፦ ሪፉን ማን ነካብህ? የሱ ነው፣ ይብላው። እኔ የጠየቅኩት የዲክሰን ስም ጋ ሲደርሱ ቀለም አልቆባቸው ነበር ወይ ነው።