ለሕጉ ወይስ ለመሪው? ኬንያ በሙዝና በብርቱካን ያስተማረችን

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። በሕዝበ ውሳኔ ሰው ድምፅ የሚሰጠው ለቀረበለት ጉዳይ ነው ወይስ ለሚከተለው ፓርቲ? መነሻ ይሁነን። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሕገ መንግሥት ረቂቅ ለሕዝብ ስታቀርብ የ«እሺ» ምልክት ሙዝ፣ የ«እምቢ» ብርቱካን ነበር። ብርቱካን 58 በመቶ ገደማ አገኘ፤ ረቂቁ ወደቀ።

የናይሮቢው፦ ያኔ ኡሞጃ ሰፈር ተከራይቼ ነበር። አከራዬ የፖለቲከኛው የራይላ ኦዲንጋ ደጋፊዎች ከሚበዙባት ከኪሱሙ ከተማ ናቸው። ረቂቁ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል፤ አንድ ገጽ አልተገለጠም። «እማማ፣ ምን ይላል?» አልኳቸው። «ራይላ ብርቱካን ብሏል» አሉኝ። አለቀ። ሙዝ የፕሬዚዳንት ኪባኪ፣ ብርቱካን የራይላ ኦዲንጋ። ብርቱካኑ ኋላ ራሱ ፓርቲ ሆነ፤ ኦዲኤም (የብርቱካን ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ እኚህን እናት አትናቃቸው። ከዚያ በፊት ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ የተሰበሰበው የቦማስ ጉባኤ ያዘጋጀው ረቂቅ ጠንካራ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረው። ለድምፅ የቀረበው ግን ሥልጣኑን መልሶ ለፕሬዚዳንቱ ሰጠ። ሰው አንቀጽ ባይጠቅስልህም ይህ ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ለእንጀራው የሚሮጥ ሰው የሚያምነውን ይጠይቃል፤ ነውር የለበትም። ደግሞስ የቱ ፓርቲ? ራይላ ራሱ የኪባኪ ሚኒስትር ነበር። የተሰነጠቀው አንድ መንግሥት ነው። ኪባኪ ሲሸነፍ ካቢኔውን የበተነውም ለዚህ ነው።

የለንደኗ፦ በመምህር ሐሳብ በግማሹ እስማማለሁ። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ሲባል ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን «እንቆይ» አለ። የወግ አጥባቂ ፓርቲው መራጮች አብዛኞቹ ግን «እንውጣ» አሉ። ሌበርም አቋሙ «እንቆይ» ነበር፤ ከደጋፊዎቹ ሲሶ ያህሉ አልሰሙትም። 51.9 ለ48.1 አለቀ። ካሜሮንና «እንውጣ» ባዩ ቦሪስ ጆንሰን ከአንድ ፓርቲ ወጥተው ሲካረሩ ሰው ማንን ይከተል? ስለ ስደተኛው፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሆስፒታሉ አሰበና በራሱ ወሰነ። መሪ የሚሰማው ፓርቲው በአንድ አፍ ሲናገር ብቻ ነው።

የሐዋሳው፦ የእኛን ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ምልክቶቹ ሻፌታና ጎጆ ነበሩ። ሻፌታ ክልል እንሁን፣ ጎጆ ደቡብ ውስጥ እንቆይ። ከ98 በመቶ በላይ ሻፌታ አለ። ሳይነጋ ሰልፍ ይዤ ነበር፤ አጠገቤ ከቆሙት የፓርቲ ስም ያነሳ አልሰማሁም። ጥያቄው ከፓርቲዎቹ ዕድሜ ይበልጣል።

የናይሮቢው፦ እሱ የማንነት ጉዳይ ስለሆነ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኬንያ ሌላ ረቂቅ ለድምፅ ያቀረበችበትን ተመልከቱ፤ «እሺ» አረንጓዴ ነበር። ኪባኪና ራይላ ታርቀው አብረው «እሺ» አሉ። በ2005 የራይላ ክልል ኒያንዛ በብርቱካን፣ የኪባኪ የሆነው ማዕከላዊው ክልል በሙዝ ተለያይተው ነበር። አሁን ሁለቱም በአንድ ላይ አረንጓዴ ሆኑ! ፖለቲከኛው ዊልያም ሩቶ «እምቢ» ሲል ደግሞ የራሱ ክልል ሪፍት ቫሊ ብቻውን ተከተለው። መሪዎቹ በዞሩበት ሕዝቡም ዞረ። ረቂቁ ጸደቀ፤ ያ ሩቶ በ2022 በዚያው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆነ።

መምህሩ፦ ረቂቁም እኮ ያው አይደለም። ካውንቲ የሚባሉ 47 የአካባቢ አስተዳደሮች መጡ፤ ሥልጣንና ገንዘብ ወደ ታች ወረደ። በመሃል ደግሞ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ከሺህ በላይ ሰው አልቋል። ያን ያየ ሰው መሪው ባይነግረውም ለውጥ ይፈልጋል። አንተ የመሪውን ቃልና የረቂቁን ለውጥ እንዴት ለየሃቸው?

የናይሮቢው፦ እውነት ነው፣ መለየት ይከብዳል። ሪፍት ቫሊ ግን ያንኑ ረቂቅ አንብቦ፣ ያንኑ እልቂት አይቶ «እምቢ» አለ። እዚህ ላይ ከመሪው ሌላ ምን አለ?

የለንደኗ፦ መሬት አለ። የመሬት ነገር እዚያ ቀልድ አይደለም። ለመሆኑ አከራይህ በ2010 ምን አደረጉ?

የናይሮቢው፦ አረንጓዴ መረጡ። ራይላ ብሏላ! ግን በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ልጃቸውን አስቀምጠው የመሬቱን ምዕራፍ ሲያስነብቡት ሰምቻለሁ። ደግመው አስነበቡት። ስለ ሴት ልጅ ውርስ ሊያጣሩ ነበር።