የተራራ ብስክሌትን የፈጠረው ማን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ተራራ ብስክሌት በማነባቸው ጽሑፎች ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝና ቶም ሪቺ እየተፈራረቁ «ፈጣሪ» ይባላሉ። ሦስቱም የካሊፎርኒያ ሰዎች ከመሆናቸው በቀር አንዱን ከሌላው የሚያስቀድመው ምን እንደሆነ አልተገለጠልኝም፤ የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ 1፦
በቅድሚያ ብስክሌቱንና ስፖርቱን መለየት ይገባል። በሻካራ መንገድ ብስክሌት መንዳት አዲስ ነገር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1897 የአሜሪካ ጦር 25ኛ እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በብስክሌት ተጉዘዋል። ያ ግን ወታደራዊ ጉዞ ነበር። በእኔ አስተያየት ስፖርቱ የተወለደው ቁልቁለቱ በሰዓት መለካት በጀመረበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1976 ነው። በዚያ ቀን ቻርሊ ኬሊና ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ፣ ፌርፋክስ ከተማ አጠገብ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ገደማ በሚያዘቀዝቅ የአፈር መንገድ ላይ ተራ በተራ እየወረዱ ተወዳደሩ። የያዟቸው ብስክሌቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም፣ ክብደታቸውም የሚያስመርር አሮጌዎች ነበሩ። ፔዳል ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው የኋላ ፍሬን እጅግ ስለሚግል በውስጡ ያለው ግራሶ ጢስ ሆኖ ያልቅና ሞዞው (የኋላ ጎማው እምብርት) ተፈትቶ እንደገና መሞላት ነበረበት፤ ውድድሩ «ሪፓክ» (በእንግሊዝኛ «እንደገና መሙላት») የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመንገዱ ክብረ ወሰን፣ 4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ፣ የፊሸር ነው።

ምላሽ 2፦
በስፖርቱ ልደት እስማማለሁ፤ ሆኖም ምስጋናው ሁሉ ለማሪን ሰዎች መሰጠቱን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1974 ከኩፐርቲኖ የመጡ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ባላቸው ብስክሌቶች ላይ ማርሽ መቀየሪያ ገጥመው በዚያው አውራጃ በተካሄደ ውድድር ላይ ታይተዋል። ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም፤ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ወደ ላይ የሚወጣው ተገፍቶ ወይም በመኪና ተጭኖ ነበርና። የሦስቱ ሰዎች ድርሻ ከዚያ በኋላ ይለያያል፤ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 አሮጌውን ከመጠገን ይልቅ ለዚሁ ተግባር አዲስ ፍሬም ሠራ፤ ከ1979 ጀምሮ ሪቺ የሚሠራቸውን ፍሬሞች ፊሸርና ኬሊ ብስክሌት አድርገው ይሸጡ ጀመር። በብዛት ተመርቶ ገበያውን የከፈተው ግን በ1981 የወጣው የስፔሻላይዝድ ኩባንያ ስተምፕጃምፐር ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዓለም አቀፍ እውቅና ያገኘውስ መቼ ነው?

ምላሽ 1፦
ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1990 በዱራንጎ፣ ኮሎራዶ ሲሆን፣ በአገር አቋራጩ ኔድ ኦቨረንድና ጁሊ ፉርታዶ አሸነፉ። በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ደግሞ ባርት ብሬንትየንስና ፓኦላ ፔዞ ወርቁን ወሰዱ። የሚገርመው ኦሊምፒክ የተቀበለው ዳገት የሚወጣበትን አገር አቋራጭ ብቻ መሆኑ ነው፤ ስፖርቱን የወለደው የቁልቁለት ውድድር ግን በዓለም ሻምፒዮናው ቢኖርም ኦሊምፒክ አልገባም።