የአስቤስቶስ ጣሪያ በመዶሻ ሰብረን አወረድን፤ አሁን ምን ይሻላል?

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ያለው የአባታችን ቤት የተከደነው በአሮጌው፣ ግራጫና ሸንተረር ባለው አስቤስቶስ ነው። ቆርቆሮ እናልብሰው ብለን ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ዕለት ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ማውረድ ጀመረ። ሚስማሩ ዝጎ አልነቀል ሲላቸው በመዶሻ እየሰባበሩ ጣሉት። ስደርስ ግቢው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ እናቴ በደረቁ ትጠርጋለች። ግማሹ ጣሪያ ገና አልወረደም። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ያስለዋል። ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ራጅ ይነሳ? ስብርባሪውን ለግቢው ጭቃ መደልደያ አድርጉት የሚሉኝም አሉ።

ነርሷ፦
አብሽሪ እህቴ። የአሁኑ ሳል አቧራው ጉሮሮውን ቆጥቁጦት ሊሆን ይችላል። አስቤስቶስ የሚያመጣው በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ የሚነሳ ራጅ ስለ ቅዳሜው አቧራ የሚናገረው የለም፤ ገንዘብሽን ያዢ። ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው ግን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል።
ክዳኑ ውስጥ ከስሚንቶ ጋር የተደባለቀው የአስቤስቶስ ቃጫ፣ ማለትም ደቃቁ ክር፣ በዓይን አይታይም፣ ሳንባ ከገባም በቀላሉ አይወጣም። ሳንባን በጠባሳ እያደደረ ትንፋሽ የሚያሳጥረው አስቤስቶሲስ ነው፤ ይህ የሚይዘው ለዓመታት በአቧራው ውስጥ የሠሩትን ነው። የሳንባ ካንሰር አለ። የሳንባ ሽፋን ላይ የሚወጣው ሜሶቴሊዮማ ደግሞ በአብዛኛው የአስቤስቶስ ሥራ ነው። የአንድ ቀን አቧራ ስጋቱ ትንሽ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የቀረው ግማሽ ጣሪያ ነው። ወንድምሽ ያጨሳል? ሲጋራና አስቤስቶስ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር ስጋቱ በእጅጉ ይበዛል።

አናጢው፦
መጥረጊያውን ከእናትሽ ተቀበዪ። ወለሉን ውሃ አርከፍክፋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡት፤ ጨርቁም ከስብርባሪው ጋር ይጣል። ለቀረው ጣሪያ መዶሻ አይነሳ። ክዳኑን በውሃ አርጥቡት፣ የሚስማሩን አናት ቆርጣችሁ ሙሉውን በእጅ አውርዱት፣ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉት። ነጠላና ሻሽ አፍንጫ ላይ ማሰር ቃጫውን አያግድም፤ ኤፍኤፍፒ 3 የሚባለውን ጭንብል ፈልጉ። የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሮጌ አስቤስቶስ ሰው አይሸከምም፤ ጣውላ ሳያነጥፉ የወጡ ሰዎች ከነክዳኑ ሲወርዱ አይቻለሁ። መደልደያ የሚለውን እርሱት፤ በተረገጠ ቁጥር ይፈጫል። የት እንደሚጣል ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ።

የጦሳ ሥር ነዋሪ፦
እኔ 30 ዓመት ከሥሩ ኖሬ ምንም አልሆንኩም። ታካብዳላችሁ።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ሳይሰበር ከሥሩ መኖርና መስበር ለየቅል ናቸው። ደህና ክዳን ላይ ስሚንቶው ቃጫውን ይዞታል።

የኮምቦልቻ መካኒክ፦
ጣሪያ ብቻ አይምሰላችሁ። የድሮ ፍሬን ሸራም አስቤስቶስ አለበት። የተሳቢ ጎማ ፈትተን ታምቡሩን በኮምፕሬሰር እንነፋ ነበር፤ ጥቁሩ አቧራ ሻያችን ላይ ያርፋል፣ በዚያው እንጠጣለን። አሁን ተለማማጆቹን በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጋለሁ። ሥራ አዘገየህ ብለው ይስቁብኛል።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። መጥረጊያውን ተቀብያለሁ፤ እናቴ አኩርፋለች። አዎ፣ ወንድሜ ያጨሳል። ይህን እሷ እንዳታይ ብቻ።