የጀልባ ሞተር መካኒክ እውቀት በኤክስፐርት ሲስተም፣ በዚህ ዘመን ያዋጣል?

ፖሊ_ተመራቂ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ሰነበታችሁ። ባህር ዳር ፖሊ ኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ነኝ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ያሰብኩት ነገር አለ ግን ከጓደኞቼ ጋር መግባባት አልቻልንም። አጎቴ ጣና ዳር የጀልባ ሞተር መካኒክ ነው፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ሌላ ስራ ሰርቶ አያውቅም፣ ከዘጌም ይሁን ከደቅ የተነሳ ጀልባ መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ እምቢ ካለው መጀመሪያ የሚደወለው ለሱ ነው። አሁን አይኑ እየደከመ ነው፣ ልጆቹ አንዳቸውም መፍቻ አልያዙም፣ እሱ ያቆመ ቀን ያ ሁሉ እውቀት አብሮት ሊቆም ነው። ስለዚህ የሱን እውቀት ይዤ ኤክስፐርት ሲስተም ልስራ አልኩ፣ ጀልባ ነጂው ስልኩ ላይ የሚጠየቀውን እየመለሰ ይሄድና ሲስተሙ ይሄን ፍታ ያንን አጽዳ ይለዋል ማለት ነው።

ጓደኞቼ "ሰው በኤአይ ፊልም በሚሰራበት ዘመን አንተ ከሆነ ካልሆነ እያልክ ልትጽፍ ነው?" ብለው ይስቁብኛል። አማካሪዬ ደግሞ ራስህ ወስን ብሎኛል። ሌላው ራስ ምታቴ አጎቴ ራሱ ነው፣ "እንዴት አወቅከው?" ስለው "ኧረ ይሄ ምን መታወቅ አለው፣ ያስታውቃል እኮ" ይለኝና ወደ ስራው ይመለሳል። ከዚህ ሩል፣ ማለትም "እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው" የሚል ደንብ፣ እንዴት ነው የሚወጣው? በምንስ ልጻፈው?

ሩል_በሩል፦

ወንድሜ ጓደኞችህን ተዋቸው፣ ኤክስፐርት ሲስተም መጀመሪያውኑ የተፈጠረው ለእንዲህ ያለ ነገር ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በኋላም የምጠራው ዓመት ሁሉ) ልክ እንዳንተ አጎት ያለ ሰው ነበረው። ዴቪድ ስሚዝ ይባላል፣ የናፍጣ ባቡር ሞተር ሲበላሽ ሌላው ሁሉ ያቃተው ለሱ ነው የሚመጣው፣ ጡረታው ሲቃረብ ጭንቅ ሆነና እውቀቱን በሩል አስፍረው ዴልታ የሚባል ሲስተም ሰሩ። ካምቤል የሚባለው የሾርባ ኩባንያም እንደዛው፣ የታሸገውን ቆርቆሮ የሚቀቅሉ ፎቅ የሚያካክሉ ማሽኖች አሉት፣ ሲቆሙ አልዶ ሲሚኖ የሚባል ሰው ነበር የሚጠራው። ከ40 ዓመት በላይ ሰርቶ ሊወጣ ሲል ቁጭ ብለው ጠይቀው ጠይቀው እውቀቱን 151 ሩል ውስጥ ከተቱት። 151 ብቻ! ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም።

አጎትህ "ያስታውቃል" ማለታቸው ደግሞ አይግረምህ፣ የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ፋይገንባውም ራሱ ዋናው ማነቆ እውቀቱን ከባለሙያው ማውጣቱ ነው ብሏል፣ ኮዱ ቀላሉ ነው። ብቻ "ሩል ንገረኝ" እንዳትላቸው፣ ማንም ሰው በሩል አያስብም። መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል፣ ሰው ከሐይቅ ላይ ይደውልላቸዋል አላልክም? ስልክ ላይ አያዩም አይነኩም፣ በጥያቄ ብቻ ነው ብልሽቱ ጋ የሚደርሱት፣ ሲስተምህም የሚሰራው ያንኑ ነው። አስፈቅደህ ስልኩን ቅዳ። የሚደውል ከጠፋ አንተው አንድ ብልሽት በልብህ ያዝና ከሌላ ክፍል ደውልላቸው፣ የጠየቁህን በየተራው ጻፍ፣ ተራውን ግን እንዳታዛባው ወርቁ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

መሳሪያው ላይ ብዙ አትጨነቅ። ስዊ ፕሮሎግ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በነጻ ይወርዳል፣ ፕሮሎግ በባህሪው ባክዋርድ ቼይኒንግ ነው፣ ማለትም ከጥርጣሬው ተነስቶ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ለብልሽት ፍለጋ የሚመቸው ይሄ ነው። ክሊፕስ የሚባል የኤክስፐርት ሲስተም መስሪያም አለ፣ ናሳ በ1985 የጀመረው፣ እሱ ግን በዋናነት ፎርዋርድ ነው፣ ያለውን መረጃ ይዞ ወደፊት ይነዳል። ፕሮሎግ ሩሎችን ከላይ ወደ ታች ነው የሚሞክረው፣ ስለዚህ አጎትህ መጀመሪያ የሚጠይቁትን ከላይ ጻፈው።

ዳታ_ይናገር፦

እኔ አልስማማም ይቅርታ። ኤክስፐርት ሲስተም 80ዎቹ ላይ ገኖ እዛው የቀረ ነገር ነው፣ ዴክ የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ኤክስኮን የሚባል ሲስተም ነበረው፣ ደንበኛ ያዘዘውን ማሽን ክፍሎች እየመረጠ የሚያዋቅር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አተረፈላቸው እሱ ልክ ነው፣ ግን ሩሉ ሺዎች ሲሆን አንዱን ስትነካ ሌላው እየተበላሸ ለማደስ መከራ ሆነ። በዛ ላይ ሩል ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ከመጣ ሲስተሙ ድንጋይ ነው። ለምን የሞተሩን ድምፅ ቀድተህ ሞዴል አታሰለጥንም? ዛሬ ድምፅን ወደ ምስል ቀይረህ ሲኤንኤን (ምስል የሚለይ ኒውራል ኔትወርክ) ላይ መጫን የሁለት ቀን ስራ ነው፣ ዲፌንስ ላይም (ፕሮጀክቱን ፈታኞች ፊት ስታቀርብ) ያምርብሃል።

ጀልባ_ነጂ፦

ኮምፒውተር አልተማርኩም ግን ጣና ላይ ሞተር ስነዳ ነው የኖርኩት ስለዚህ ልግባ። የማይነሳ ሞተር ምን ድምፅ አለው ወንድሜ? ገመዱን ትስባለህ ትር ትር ብሎ ዝም ነው፣ ቤንዚን አልደረሰው ይሁን ካንዴላው እሳት አልሰጥ ይበል ድምፁ ያው ነው።

እኛን የሚያስቸግረን በብዛት ሙቀት ነው። ሞተሩ የሐይቁን ውሃ ከታች እየሳበ ነው ራሱን የሚያቀዘቅዘው፣ በጎኑ ደግሞ ቀጭን ውሃ ይረጫል፣ እሱን ዘወር እያልክ እያየህ ነው የምትነዳው። እምቦጭ ውስጥ ከገባህ ሥሩ መሳቢያውን ይደፍነዋል፣ ውሃው ይቆማል፣ አንተ ከተሳፋሪ ጋር ወሬ ይዘህ ካላየኸው ሞተሩ ግሪፕ አድርጎ (በሙቀት ተጣብቆ) ቁጭ ነው። ግን ውሃው በቆመ ቁጥር እምቦጭ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ መካኒክ ሲደወልለት እንዲህ ነው የሚጠይቀው፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይረጫል ወይስ ጭራሽ ቆሟል? ነዳጅ ሲሰጠው ረጭቶ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው ዝም ብሎ ሲሰራ) ከደከመ ውስጥ ያለችው የፖምፓዋ ጎማ ክንፍ አልቃለች። ጭራሽ ከቆመ አጥፋውና አንስተህ መሳቢያውን እይ። ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃው ብቻ ከቆመ ደግሞ የምትረጨዋ ቀዳዳ ናት ጭቃ የያዛት፣ በቀጭን ሽቦ ወጋ ወጋ ታደርጋታለህ በቃ።

ሌላ ልንገርህ፣ ተነስቶ ትንሽ ሄዶ የሚጠፋ፣ አረፍ አድርገህ ስታስነሳው እሺ ብሎ ሄዶ እንደገና የሚጠፋ አለ። ጀማሪው ሮጦ ካርቡራቶር ይፈታል። ልምድ ያለው "የታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ከፍተሃታል?" ነው የሚለው፣ ታንኩ አየር ካላስገባ ቤንዚኑ አይወርድም። እቺን ሳይጠይቅ ካርቡራቶር አስፈትቶን ሐይቅ መሀል ብሎን የሚያስጥለን ኮምፒውተር ከሰራህ እሱኑ ነው ወደ ውሃው የምንጥለው ሃሃ።

እና ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሞተሩ እንኳን አይደለም። "ከኔ በፊት ማን ከፍቶት ነበር?" ነው። ሰው እጁን ያስገባበት ሞተርና ያልተነካ ሞተር አፈላለጉ ለየቅል ነው። አጎትህን ጠይቃቸው እሳቸውም ይሄንኑ ነው የሚሉህ።

ፖሊ_ተመራቂ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እውነትም አጎቴ ስልክ ሲያነሳ "ማን ነካው?" ነው የሚለው፣ እኔ ደግሞ ለመቆጣት ይመስለኝ ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ማኑዋሉን አግኝቼ ከሱም ሩል ማውጣት ጀምሬ ነበር፣ ካንዴላው ጥላሸት ከያዘ ወይ ዘይቱ በዝቷል ወይ ቾኩ ተይዟል ይላል። ለአጎቴ ሳነብለት "እዚህ አገር የማይጠቁር ካንዴላ የት አለ?" አለኝ። ማንን ልያዝ? ሁለተኛው፣ አጎቴ "ብዙ ጊዜ" "አልፎ አልፎ" "አይታጣም" እያለ ነው የሚናገረው፣ ይሄን ወደ ቁጥር እንዴት ልቀይረው?

ሩል_በሩል፦

አጎትህን ያዝ፣ ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ጣና ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ካርቡራቶሩ ደግሞ ከፋብሪካ የሚመጣው ለባህር ዳርቻ ተስተካክሎ ነው (የኛን ባህር ዳር ማለቴ አይደለም)። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በአንጻሩ ይበዛል፣ ስለዚህ ጂግለሩ (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ካልተቀየረ በስተቀር ጤነኛውም ሞተር ካንዴላ ያጠቁራል። ያ ሩል ጂቡቲ ወደብ ላይ ልክ ነው፣ እዚህ ግን ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ ያደርግብሃል። ሩሉን አትጣለው ክብደቱን ቀንሰው፣ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ምንም አትበል፣ ካንዴላው በዘይት ከራሰ ግን ድብልቁን ጠይቅ፣ 1 ለ 50 (አንድ እጅ ዘይት ለሃምሳ እጅ ቤንዚን) የሚፈልገውን ሁለት ስትሮክ ሞተር በግምት የሚያደባልቅ ሞልቷል። ፕሮጀክትህ ውስጥ ይሄን አንድ ምዕራፍ አድርገው፣ ከየትም የማይገለበጥ ነገር ነው።

ስለ ቁጥሩ፣ ማይሲንን አንብብ። ስታንፎርድ ላይ ሾርትሊፍ የሚባል ሰው በ1970ዎቹ የሰራው ነው፣ በባክቴሪያ ለሚመጣ ኢንፌክሽን መድኃኒት የሚመክር፣ 600 ገደማ ሩል ነበረው። ሐኪሞቹም እንደ አጎትህ "ብዙ ጊዜ" ነበር የሚሉት፣ ስለዚህ ለየሩሉ የእርግጠኝነት መጠን ሰጡት፣ ከ-1 (በፍጹም አይደለም) እስከ +1 (በእርግጥ ነው)። ሁለት ማስረጃ ወደ አንድ ነገር ሲያመለክት ዝም ብለህ አትደምርም፣ ሁለተኛው የሚሞላው ከመጀመሪያው የተረፈውን ክፍተት ነው። ለምሳሌ ከእምቦጭ ውስጥ መውጣቱ 0.6 ቢሆን፣ ውሃው ድንገት መቆሙ 0.5 ቢሆን፣ የቀረው 0.4 ነው፣ የሱ ግማሽ 0.2፣ ድምሩ 0.8። ሲስተሙ 0.8 ይዞ "መሳቢያው ተደፍኗል" ይላል። አጎትህን ግን ቁጥር አትጠይቃቸው፣ "ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንድትከፍት ብትፈቀድ የቱን ትከፍታለህ?" በላቸው፣ ቁጥሩን አንተ ታስተካክለዋለህ።

ማይሲን ሌላም ነገር ነበረው፣ "ለምን ትጠይቀኛለህ?" ስትለው የትኛውን ሩል እያጣራ እንደሆነ ይነግርሃል። እሱን ካስገባህ ጀማሪው ነጂ እየተጠቀመበት ይማርበታል።

ለዳታ_ይናገርም ልመልስ፣ ሺህ ሩል ማስተዳደር ከባድ ነው ያልከው ልክ ነህ፣ ግን የአንድ አይነት ሞተር ብልሽት ሺህ አይደርስም። ድምፁን ለማሰልጠን ደግሞ እያንዳንዱ ብልሽት በብዛት ተቀድቶ ምንነቱ ተጽፎበት መገኘት አለበት፣ ያን ማን ቀድቶ አስቀመጠው?

ኮድ_እና_ጀበና፦

ሁለታችሁንም ላስታርቅ ብዬ ነው የገባሁት። እኔ አንድ ቻትቦት ላይ የጀልባ ሞተር ይሞቅብኛል ብዬ በአማርኛ ጻፍኩለት፣ አሳምሮ መለሰ፣ መሀል ላይ ግን ጨዉን በንጹህ ውሃ እጠቡ አለኝ። ጣና ላይ ጨው ከየት መጥቶ! የሚያስፈራው ደግሞ ስህተቱንም ልኩንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው የሚያወራው፣ የማያውቅ ነጂ መለየት አይችልም።

ግን አንድ ነገር ላይ ጎበዝ ናቸው፣ የሰው አነጋገር ይገባቸዋል። ነጂው "ኧረ ይሄ ነገር ትንሽ ይሄድና ልቡ ይቆማል" ቢል ፕሮሎግህ አፉን ይዞ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሞዴሉን በር ላይ አቁመው፣ የሰውየውን ወሬ ሰምቶ "ተነስቶ ይጠፋል" ወደሚል ምልክት ይቀይርልህ፣ ምርመራውን ግን ሩሉ ይስራው። ሞዴሉ የቀየረውን ደግሞ ለነጂው መልሰህ አሳየው፣ "እንዲህ ማለትህ ነው?" ብለህ አዎ ሲል ብቻ ቀጥል። ጊዜ ካጠረህ ይሄን ተወውና ምርጫ በምርጫ አድርገው፣ ማንም አይወቅስህም።

ኢቫሉዌሽኑ (ሲስተሙ ልክ መሆኑን የምትፈትንበት) ላይ ተጠንቀቅ እንጂ፣ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዛ ጋ ነው። ሩሉን ያወጣህበትን ኬዝ መልሰህ ፈተና አታድርገው። ለማይሲን ያደረጉት ጥሩ ምሳሌ ነው፣ 10 የማጅራት ገትር ኬዝ ወስደው የሲስተሙንና የሐኪሞቹን መልስ ቀላቅለው የማን እንደሆነ ሳይነግሩ ለ8 ባለሙያ ሰጡ፣ ማይሲን 65 በመቶ አገኘ ከሐኪሞቹ የበለጠው 62.5። (ያም ሆኖ ሆስፒታል ውስጥ ስራ ላይ አልዋለም።) አንተም የአጎትህን መልስ፣ የሲስተሙን መልስ፣ የሌላ መካኒክ መልስ ቀላቅለህ ለሦስተኛ መካኒክ ስጥ። ሌላ ሰው ነው መዳኘት ያለበት፣ አጎትህ ዳኛ ከሆኑ የራሳቸውን ቃል ነው የሚያጸድቁት።

ፖሊ_ተመራቂ፦

እቴ በጣም አመሰግናለሁ፣ የዳኛው ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። በቴሌግራም ቦት ልሰራው ነበር ያሰብኩት፣ ሐይቅ መሀል ዳታ ቢጠፋስ?

ኮድ_እና_ጀበና፦

ቦቱን ተወው። አንድ ሞተር ላይ የሚወጣ ሩል ጽሑፍ ነው እኮ፣ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው፣ ሙሉ በሙሉ ስልኩ ላይ ጫነው። ኢንፈረንስ ኢንጂኑን (ሩሎቹን እያየ መልስ ላይ የሚደርሰውን ክፍል) በጃቫስክሪፕት ራስህ ብትጽፈው ከጥቂት መቶ መስመር አያልፍም፣ ለዲፌንስም "ኢንጂኑን እኔ ነኝ የጻፍኩት" ማለት ትችላለህ።

ጀልባ_ነጂ፦

ፊደሉን ተለቅ አድርገው፣ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ እጃችንም ዘይት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሌላ ጥያቄ ሳታበዛ "ውሃው ይረጫል?" በል፣ አይረጭም ካለ ሞተሩን አጥፋ ይበለው፣ ወሬው ከዛ በኋላ ይደርሳል። እኔ ጋ ሚኒሞ አልይዝ ያለ ባለ 40 ፈረስ አለ፣ ማንም አልከፈተውም። አጎትህን ይዘሃቸው ና፣ አንተ መቅጃህን ያዝ፣ እኔ የማያውቅ ነጂ ሆኜ እደውላለሁ። ባለ አራት ስትሮኩንም ትጨምረዋለህ ወይስ ሁለት ስትሮክ ብቻ ነው?

ፖሊ_ተመራቂ፦

ለጊዜው ሁለት ስትሮክ ብቻ ጋሼ። ቁጥርዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፣ ከአጎቴ ጋር ቀን ቆርጠን እንደውላለን።