የሚታኘክ ትምባሆን ለመተው ምን ይበጃል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የረጅም ርቀት ጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ። እንቅልፍ ለማባረር የጀመርኩት የሚታኘክ ትምባሆ ሱስ ሆኖብኛል፤ አሁን ደግሞ ድዴ ላይ ነጭ ምልክት አይቻለሁ። በምን ዘዴ ልተወው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ትምባሆው በሚቀመጥበት ቦታ የሚወጣ ነጭ ምልክት አንዳንድ ጊዜ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ አስቀድመው ለጥርስ ሐኪም ያሳዩ። ለሱሱ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊግራም የኒኮቲን (በትምባሆ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር) ማስቲካ አለ፤ ይሁን እንጂ እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ አይታኘክም፤ የሚቆጠቁጥ ጣዕም ሲሰማዎት በጉንጭና በድድ መካከል ያቆዩታል፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩታል። ቡና ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ በደንብ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ ከማስቲካው በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች አይጠጡ (ለእኛ ሰው ከባዱ ምክር ይህ ሳይሆን አይቀርም)።

መልስ 2፦ በማስቲካው እስማማለሁ፤ ሆኖም ትምባሆ ሲተዉ የሚመጣው ንዴትና ትኩረት ማጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚበረታ፣ መሪ በማይጨብጡበት የዕረፍት ሳምንት ቢጀምሩ ይሻላል። አፍዎ ሥራ ሲፈልግ ቆሎ ይቆርጥሙ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተርስ ከማስቲካው ጋር አብሮ ይወሰዳል?

መልስ 1፦ አዎ፣ አብረው ይታዘዛሉ፤ መጠኑን ግን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይወስንልዎት።