አዳዲስ ጂኤዎችን (ጀማሪ ረዳት መምህራንን) በ5 ቀን እንዴት ላዘጋጅ?

ሰላም ለሁላችሁ። መላ ፈልጌ ነው።

የሲቪል ምህንድስና መምህር ነኝ። ዘንድሮ 6 አዳዲስ ጂኤዎች መጥተውልናል። አምና እዚሁ ተማሪ የነበሩ ልጆች ናቸው። በሚቀጥለው ሰኞ የስታቲክስ (በማይንቀሳቀሱ ነገሮች ላይ ያሉ ኃይሎች የሚጠኑበት ትምህርት) ቲቶሪያል፣ ማለትም የመልመጃ ክፍለ ጊዜ፣ ማስተማር ይጀምራሉ። እነሱን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጥቷል፤ ያለኝ ግን 5 ቀን ብቻ ነው። የመምህራን ሥልጠናው፣ ኤችዲፒው፣ ጥሩ ነው፤ ግን ረጅም ስለሆነ ለመጀመሪያው ክፍላቸው አይደርስላቸውም።

ትናንት እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ እንዲያስተምሩ አደረግኩ። አንዷ በአንድ ጫፉ ፒን (የማይንሸራተት ድጋፍ)፣ በሌላው ሮለር (የሚንሸራተት ድጋፍ) ባለው ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ ጥያቄ ሠራች። ፍሪ ቦዲ ዲያግራም፣ ማለትም በቢሙ ላይ ያሉትን ኃይሎች ሁሉ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሳትስል በቀጥታ ሦስቱን የሚዛን እኩልታዎች ጻፈች። መልሱ ልክ ነው። «ሥዕሉስ?» ስላት «ይሄማ ግልጽ ነው» አለችኝ። የጨነቀኝ ይሄ ነው። ጎበዞች ስለሆኑ ተማሪው የት እንደሚሰናከል አይታያቸውም። በአግድም ወለል ላይ ያለ ሮለር የአግድም ኃይል እንደማይቋቋም ለእሷ የታወቀ ነው። ለጀማሪው ግን አይደለም።

ሌላው ደግሞ «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም «አዎ» አሉት፤ እሱም አለፈ።

እንዲህ ዓይነት ልጆችን ያዘጋጃችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የመጀመሪያውን ቀን በምን ጀመራችሁ? የተሳሳቱ የተማሪ ፈተናዎችን ሰጥቼ ስህተቱ ከየት እንደመጣ እንዲፈልጉ ባደርግስ? ዝም የሚልን ክፍል ማናገርስ በምን ይለመዳል? እስከ ዓርብ የምትልኩልኝን ሁሉ እሞክረዋለሁ።