ጢያ፣ ጌዴኦ ወይስ ኮንሶ? 5 ቀን፣ አንዲት ቪትዝና እማዬ

መንገድ ያማረኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ የ5 ቀን እረፍት አለኝ። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን በተማሪነቴ አይቻለሁ። አሁን ሰው ብዙ የማይሄድበት ታሪካዊ ቦታ ማየት አምሮኛል። ደቡብ ሲባል ሁሉም ሀዋሳ ሄዶ ዓሣ በልቶ፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔም ሦስቴ እንደዛው አድርጌ ተመልሻለሁ።

ካርታ ላይ ሳይ ጢያ አለ፣ ዲላ አካባቢ የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች አሉ፣ ከዛ ደግሞ ወደ ታች ኮንሶ። ሦስቱም ዩኔስኮ የመዘገባቸው ናቸው። በ5 ቀን ሦስቱንም ማዳረስ ይቻላል?

የምንሄደው እኔ፣ ወንድሜና እማዬ ነን። መኪናችን ቪትዝ ናት (አትሳቁ)። እማዬ 64 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ቤት ቁጭ በይ ከተባለች ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። መንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን ካለ ደስ ይላታል። የሄዳችሁ እስቲ ንገሩኝ። "አሪፍ ነው ሂጂ" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

የሶዶ ልጅ፦

የዛው አገር ሰው ስለሆንኩ አዳላለሁ፣ አስቀድሜ ልናገር። ሶዶ ስል የጉራጌውን ነው፣ የወላይታውን አይደለም።

የመጀመሪያው ቀንሽ ያለቀለት ነው። በጠዋት በቡታጅራ መንገድ ውጡ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ መልካ ቁንጥሬን ታገኛላችሁ፣ አዋሽ ዳር። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ብዙ ሰው በአጠገቡ ሽው ብሎ ያልፋል፣ እኔ ራሴ ለስንት ዓመት በሚኒባስ ሳልፍ ኖሬ አንድም ቀን አልወረድኩም ነበር። ከዛሬ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው ድንጋይ ሲጠርብ የኖረበት ቦታ ነው። አጠገቡ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ። ስሙን የሰማ አበሻ መሬቱ በምን እንደተሞላ መገመት አያቅተውም፤ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባልጩት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብተዋል። ከአጥንቱም ከድንጋዩም ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ዱካው ነው። 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል፣ ውስጡ የሕፃናት አለበት። ጭቃ ላይ የሮጠ ልጅ ማለት ነው በቃ።

ለእናትሽ አዳዲ ማርያምን አትዝለሉ። ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ትላለች። ወደ ታች ተፈልፍላ የወጣች ውቅር ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ትባላለች። ነጠላ ይያዙ። ጥር ላይ ከሆነ ደግሞ 21 አስተርዮ ማርያም ነው፣ ሕዝብ ይበዛል። ለእናትሽ ሳይሻል አይቀርም፣ ለቪትዟ ግን ማቆሚያ ያስቸግራችኋል።

ከዛ ጢያ። በ1972 ዓ.ም. ነው የተመዘገበው። 36 ድንጋይ ቆሟል፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። ሰይፉን ሁሉም ያየዋል፣ አንቺ ከግርጌው ያለውን ቅጠል የመሰለውንም እይው። ድሮ ሰዉ "የግራኝ ድንጋይ" ይለው ነበር፣ ግን ድንጋዮቹ ከግራኝ በመቶዎች ዓመት የሚቀድሙ ናቸው። ማታ ቡታጅራ እደሩ፣ ክትፎውን ከቆጮ ጋር ብሉ። የቀረውን ሌላ ሰው ይንገርሽ።

ቀጥተኛው፦

ቅር አይበልህ ወንድሜ፣ ጢያ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የታጠረ ሜዳ ላይ የቆመ ድንጋይ ነው። እኔ ጓደኞቼን ይዤ ሄጄ "ለዚህ ነው ያስነሳኸን?" ብለውኝ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል።

የሶዶ ልጅ፦

ጓደኞችህን አስጎብኚ ሳትይዝ ነዋ ያስገባሃቸው! ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አለ፣ ታውቃለህ? ሲቆፈር የተገኙት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት። እንደ ፅንስ ተጣጥፈው ነው የተቀበሩት። እዛ ያሉት አስጎብኚዎች የሰይፉ ብዛት ሟቹ የገደለው ሰው ቁጥር ነው ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን ማንም ማስረጃ የለውም፣ ግን ይህን ሰምተህ አንዱ ድንጋይ ላይ ሰይፎቹን ስትቆጥር ግማሽ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አታውቀውም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጋደል ስትል ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ ቅርጹ አይታይም፣ ጥላ ሲያርፍበት ነው ጎልቶ የሚወጣው።

ዳገት ወጪ፦

እህቴ፣ ኮንሶ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ቀን 1 ቡታጅራ። ቀን 2 ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሙሉ ቀን ትነዳላችሁ። ቀን 3 ኮንሶ ትደርሳላችሁ፣ ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀን 4 ትዞራላችሁ። ቀን 5 ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታችሁ አዲስ አበባ ልትገቡ ነው? ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዛችሁ፣ በቪትዝ? ጌዴኦን ደግሞ ጭራሽ አልጨመርኩትም፣ እሱ ያለው በሌላኛው መስመር፣ በዲላ በኩል ነው። እና አይሆንም።

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ካራት ከተማ በ10 ሰዓት ገባሁ፣ አንድ መንደር እየሮጥኩ አየሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ተመለስኩ። ሰው ኮንሶ ምን አየህ ሲለኝ የማወራው አልነበረኝም። በሁለተኛው ሦስት ቀን አንድ ቦታ ተቀመጥኩ።

ኮንሶ ሐውልት ፈልገሽ የምትሄጂበት አገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የተመዘገበው መልክዓ ምድሩ ነው። ተራራው በሙሉ ከግርጌ እስከ አናት በድንጋይ እርከን ተደርድሯል፣ አንዳንድ ቦታ የእርከኑ ግድግዳ 5 ሜትር ይደርሳል። አገሩ ደረቅ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አፈሩን ጠራርጎ ይወስዳል፣ እርከኑ ውኃውንም አፈሩንም ይይዛል፣ የተረፈውን ውኃ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል፣ አሁንም እየሠሩት ነው።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ አባት የፈረሰ እርከን ሲጠግኑ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሲሚንቶ የለም፣ ገመድ የለም፣ ጭቃ እንኳ የለም። አንድ ድንጋይ ያነሳሉ፣ በእጃቸው ያገላብጡታል፣ ያስቀምጡታል፣ አይገጥምም፣ ያወጡታል፣ ሌላ ያነሳሉ። ሲገጥም ድምፁ ይለያል፣ ጠቅ ይላል። ከዛ ትናንሽ ጠጠሮች በክፍተቱ ውስጥ በመዳፋቸው እየመቱ ያስገባሉ። አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። እኔ ከዛ በኋላ ተራራውን ቀና ብዬ ሳየው ራሴን አዞረኝ።

መንደሮቹ ደግሞ በድንጋይ አጥር የተከበቡ ናቸው፣ አንዳንዱ እስከ ስድስት ዙር አጥር አለው። መተላለፊያው ጠባብ ነው። የማሽላ አገዳ የተሸከመች ሴት ከፊቴ ሆና ቤቷ እስክትደርስ ከኋላዋ ስከተል ነበር፣ ማለፊያ የለማ! አደባባዩ ላይ የትውልድ ግንድ ቆሞ ታያላችሁ። አዲስ ትውልድ ሥልጣን ሲረከብ አንድ ግንድ ይጨመራል፣ ግንዶቹን ቆጥራችሁ የመንደሩን ዕድሜ መገመት ትችላላችሁ። ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቀረጸውን ዋካ የሚባለውን የእንጨት ምስል ደግሞ ካራት ያለው ሙዚየም ውስጥ እዩት። ከየመቃብሩ ብዙ ተሰርቋል፣ ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት ከሌባ እጅ የተመለሱ አሉባቸው።

መጀመሪያ ካራት ላይ ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ፣ የአካባቢ አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ። ሳትጠይቁ ካሜራ አትደግኑ። ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ያለው፣ የእናንተ ደጃፍ ላይ የማያውቃችሁ ሰው መጥቶ ፎቶ ቢያነሳ ምን ትሉ ነበር?

የቡና ጥላ፦

ጌዴኦን ሰው ስለረሳው ልግባ። በ2016 ዓ.ም. ነው የተመዘገበው፣ እሱም እንደ ኮንሶ መልክዓ ምድሩ ነው የተመዘገበው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ከሩቅ ስታዩት ጫካ ነው፣ ስትገቡበት የሰው ጓሮ ነው። ይርጋ ጨፌ የሚባለው ቡና የሚመጣው ከዚሁ ነው፣ አገሩን ግን ማን ያውቀዋል?

ትክል ድንጋዮቹ ጨልባ ቱቲቲና ቱቱ ፈላ ላይ በብዛት አሉ። ጨልባ ቱቲቲ ብቻ ከ1,000 በላይ ነው፣ ብዙው ወድቋል፣ አንዳንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድሞ እግራችሁን ያደናቅፋችኋል። ሳካሮ ሶዶ በሚባል ቦታ ያሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት 2,000 ዓመት ገደማ ሆነዋል፣ ቀድሞ ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ይበልጣል።

ግን እውነቱን ልናገር፣ እናት ይዞ የሚኬድበት አይደለም። እኔ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነበር (ጅል ስለሆንኩ)። መኪና ያከራየኝ ሰው "እስከ ድንጋዩ ድረስ ያስገባል" ብሎኝ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ፣ ሹፌሩ "ከዚህ ወዲያ በእግር ነው" አለ፣ በከተማ ጫማ ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ከኋላዬ የነበረች አንዲት ልጅ ጀሪካን ተሸክማ በባዶ እግሯ አልፋኝ ሄደች፣ ዞር ብላ እንኳ አልሳቀችብኝም፣ እሱ ነው የባሰው። ጥር ላይ ደረቅ ስለሚሆን ይሻላል። ጌዴኦን ለብቻው ያዢው፣ ለሌላ ጊዜ።

ቀጥተኛው፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዛሬ ጢያን የሰደብኩ እኔው ነኝና ሌላ ጥቅም ልስጥ። ከመውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት መንገዱን ጠይቁ። ቢሮ ሳይሆን መናኸሪያ ሂዱ፣ ትናንት የተመለሰ ሹፌር ጠይቁ። መንገድ ሰላም ነው አይደለም የሚለውን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ነዳጅም ያገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ፣ ወደፊት አገኛለሁ አትበሉ።

መንገድ ያማረኝ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንደዚህ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ማታ ለእማዬ ሁሉንም አነበብኩላት። እቅዴ እሷን ጢያና አዳዲ አድርሰን መመለስ፣ ከዛ እኔና ወንድሜ ኮንሶ መሄድ ነበር። ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ እርከኑ ጋ ስደርስ "እስቲ ድገሚው" አለችኝ።

እማዬ የወሎ ልጅ ናት። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ እርከን ሠርታለች፣ ድንጋይ በጀርባዋ ተሸክማ። ምን አለችኝ መሰላችሁ? "እኛ ለስንዴና ለዘይት ሠራነው፤ ስንዴው ሲቀር እሱም ፈረሰ። እነዚህን 400 ዓመት ማነው ስንዴ የሰጣቸው?" ከዛ ወዲህ ወሬው ሁሉ ኮንሶ ነው። እኔን ጥላችሁ ብትሄዱ ብላ አስፈራርታናለች።

ስለዚህ እቅዱ ተገልብጧል። መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲና ጢያ ለቅርብ ቅዳሜና እሁድ፣ ቪትዟም ትችለዋለች፣ ምናልባት ጥር 21ን እናስጠጋው ይሆናል። 5 ቀኑ በሙሉ ለኮንሶ። አርባ ምንጭ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዛ መኪና ተከራይተን። ጌዴኦ ለሌላ ዓመት። ዳገት ወጪ፣ ለጉልበቷ ምን ትመክረኛለህ?

ዳገት ወጪ፦

እናትሽ ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ጠይቀዋል። ያን ጥያቄ እዛው አስጎብኚው እያስተረጎመላቸው አንድ ሽማግሌ ይጠይቁ፣ መልሱን መጥተሽ እዚህ ጻፊልን።

ለጉልበታቸው፦ በማለዳ ውጡ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከብዳል። ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ መኪና አናቱ ድረስ የሚያደርስበት መንደር ይመርጥላችኋል፣ ከላይ ቁልቁል እያዩ እርከኑ በሙሉ ይታያል። በመንደሩ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ይሁን። ከዘራ ይያዙ። ቀትር ላይ ካራት ተመልሳችሁ ኩርኩፋ ብሉ፣ በሽፈራው ቅጠል የሚሠራ የማሽላ ምግብ ነው፣ ከዛ እስከ 10 ሰዓት ይረፉ።

መንገድ ያማረኝ፦

ከዘራ የሚለውንም አነበብኩላት። "ወንድምሽ ይያዘው" አለች።